ፖርታል ይገዛል፤ መዝገብ ግን አይገዛም

በውጭ አገር በሆስፒታል፣ በአየር ማረፊያ፣ በሆቴል ወይም በባንክ የሚሠሩ ወገኖቻችን ስሙን ባያውቁትም ዘወትር የሚገለገሉበት አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ። የሳምንቱን የሥራ ፈረቃ የሚያዩበት፣ የደመወዝ መግለጫቸውን የሚያወርዱበት፣ የዓመት ፈቃድ የሚጠይቁበት፣ አዲስ የወጣ መመሪያ አንብበናል ብለው የሚያረጋግጡበት ገጽ ነው። በአንድ የይለፍ ቃል ይገቡበታል፤ ከገቡም በኋላ በየክፍሉ ተበታትኖ የነበረው ጉዳይ ሁሉ በአንድ መስኮት ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል። ባለሙያዎች ይህን ሥርዓት «የድርጅት የመረጃ ፖርታል» ይሉታል። ፖርታል ማለት በር፣ ደጃፍ ማለት ነው።

ይህ በር ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረና ብዙ ቢሊዮን ዶላር የተንቀሳቀሰበት ገበያ ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ ድርጅቶች ተወልደዋል፣ በሌሎች ተውጠዋል፣ ስማቸውም ተረስቷል። ታሪኩ ለባለ አክሲዮኖች ብቻ የሚተው አይመስለኝም። በአገር ቤት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ሥርዓት በሚዘረጉበት፣ ያው የቀድሞው ተስፋም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል አዲስ ልብስ ለብሶ በመጣበት በዚህ ወቅት፣ ገዢዎች ምን እንደሚገዙና ምን እንደማይገዙ ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል። እኔ እንደማየው ሻጮቹ የሸጡት በሩን ነው። ከበሩ በስተጀርባ ያለውን መዝገብ አደራጅቶ የሸጠ አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

ነገሩ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ አንድ ትልቅ ድርጅት ለደመወዝ አንድ፣ ለንብረት ሌላ፣ ለደንበኞች ደግሞ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቶቹ በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ሻጭ የተገዙ ስለነበሩ እርስ በርሳቸው አይግባቡም። ሠራተኛው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ሦስት አራት የይለፍ ቃል ማስታወስ፣ ከአንዱ የወሰደውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ወደ ሌላው ማስገባት ነበረበት። በዚህ መካከል ያሁ በ1996 «ማይ ያሁ» የተሰኘ አገልግሎት አቀረበ፤ ማንም ሰው የአየር ትንበያውን፣ የአክሲዮን ዋጋውንና ዜናውን እንደ ምርጫው በአንድ ገጽ ላይ መደርደር እንደሚችልም አሳየ። ለቤት የሆነው ለቢሮስ ለምን አይሆንም የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተከተለ።

ጥያቄውን ወደ ገበያነት የለወጡት በሜሪል ሊንች የኢንቨስትመንት ባንክ ይሠሩ የነበሩት ክሪስቶፈር ሺላከስና ጁሊ ታይልማን ናቸው። በኖቬምበር 1998 ባወጡት ዘገባ ይህን ዓይነቱን ሶፍትዌር «የድርጅት የመረጃ ፖርታል» ብለው ሰየሙት፤ ገበያውም በዚያው ዓመት ከነበረበት 4.4 ቢሊዮን ዶላር ተነሥቶ በ2002 እስከ 14.8 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ገመቱ። ስሙን ያወጡት መሐንዲሶች ወይም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አለመሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ስም አውጪዎቹ የአክሲዮን ተንታኞች ነበሩ። ሕፃኑ ሳይጠና ክርስትናው ተደገሰ ማለት ይቻላል። በወራት ውስጥ ትናንት «የሰነድ አያያዝ» ወይም «የመፈለጊያ መሣሪያ» ይሸጡ የነበሩ ድርጅቶች ሁሉ ዕቃቸው ላይ «ፖርታል» የሚል ስም እየለጠፉ ብቅ አሉ።

ለመሆኑ ሶፍትዌሩ የሚሠራው ምንድን ነው? ገጹ በትንንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን «ፖርትሌት» ይባላል። አንዱ ሳጥን ከደመወዙ ሥርዓት፣ ሌላው ከንብረቱ፣ ሌላው ከኢሜይሉ መረጃ ያመጣል። በስተጀርባ ደግሞ ሌሊቱን በሙሉ በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ እየዞረ ሰነዶችን የሚያነብና ማውጫ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም አለ፤ ሠራተኛው አንድ ቃል ሲጽፍ የሚፈለገው በዚያ ማውጫ ውስጥ ነው። ከሁሉ በላይ ከባዱ ሥራ ማን ምን ማየት እንደሚፈቀድለት መለየት ነው። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ለጥበቃው እንዳይታይ፣ የጥበቃው የሕክምና ፋይልም ለሥራ አስኪያጁ እንዳይታይ እያንዳንዱ ሰነድ የባለቤትና የተፈቃጅ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ሶፍትዌሩ ምልክቱን ያከብራል እንጂ ምልክቱን አይፈጥርም። ምልክት የሚያደርገው ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን በሽያጭ ውሉ ውስጥ ተጠቅሶ አያውቅም።

ሻጮቹስ የት ደረሱ? በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ፕላምትሪ የዚህ ገበያ ፋና ወጊ ነበር። በ2002 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በ2005 ቢኢኤ ሲስተምስ በ200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ በ2008 ደግሞ ኦራክል ቢኢኤን ራሱን በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ኢፒሴንትሪክ የተባለው ተፎካካሪ በ2002 በቪኜት ተገዛ፤ ቪኜትም በ2009 በካናዳው ኦፕን ቴክስት ተገዛ። ሻይ አጋሲ የመሠረተው ቶፕቲየር በ2001 ለጀርመኑ ሳፕ በ400 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አይቢኤም የዌብስፌር ፖርታሉን ከሎተስ ኖትስና ከሌሎች ሶፍትዌሮቹ ጋር አድርጎ ለህንዱ ኤችሲኤል ለመሸጥ የተስማማው በ2018 መጨረሻ ሲሆን የጠቅላላው ዋጋ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ሽያጩ በ2019 ተጠናቀቀ።

በእያንዳንዱ ግዢ ጊዜ መግለጫ ወጥቷል፤ ለደንበኞች የሚሰጠው ድጋፍ እንደሚቀጥል ቃል ተገብቷል። ድጋፉ ለጥቂት ዓመታት መቀጠሉ አይካድም። ከዚያ በኋላ ግን ገዢው ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሶፍትዌሮችን ጎን ለጎን ለማሳደግ ምን ምክንያት አለው? አንዱ ይቀጥላል፤ ሌሎቹ ለነባር ደንበኞች ብቻ እየተጠገኑ ቀስ በቀስ ይከስማሉ። ኦራክል በ2010 ሰን ማይክሮሲስተምስን ሲጠቀልል የሰንን ፖርታል ጭምር አግኝቷል፤ በዚህም የራሱን፣ የቢኢኤን፣ የፕላምትሪንና የሰንን ፖርታሎች በአንድ ጣሪያ ሥር አከማቸ። ከአራቱ አንዱን የመረጠ ደንበኛ፣ ምርጫው ያለቀው እሱ በሌለበት ስብሰባ መሆኑን የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

ይህን አደጋ የተረዱ ባለሙያዎች ዝም አላሉም። በ2003 በጃቫ ለሚጻፉ ፖርትሌቶች የጋራ መለኪያ ወጣ፤ ለአንዱ ሻጭ ፖርታል የተጻፈ ሳጥን በሌላውም እንዲሠራ የሚያስችል ነበር። በዚያው ዓመት ፖርትሌቶችን ከሩቅ ለመጋራት የሚያገለግል ሌላ መለኪያ ጸደቀ። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ነበሩ። ሆኖም ተንቀሳቃሽ ያደረጉት ሳጥኑን ብቻ ነው። ድርጅቱ ለዓመታት ያጠራቀማቸው ሰነዶች፣ የሰነዶቹ አመዳደብ፣ የተፈቃጆች ዝርዝር፣ የማሻሻያዎች ታሪክ በየሻጩ የመረጃ ቋት ውስጥ እንደየሻጩ ልማድ ተቀምጠው ቀሩ። ቤት የሚለቅ ተከራይ መጋረጃውን ነቅሎ እንዲወስድ ተፈቅዶለት ዕቃው ግን ከውስጥ እንደተቆለፈበት ያለ ነገር ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አሸናፊ ሆኖ የወጣው ማይክሮሶፍት ነው። ሼርፖይንት የተሰኘውን ፖርታል በ2001 አወጣ፤ በ2003 ደግሞ መሠረታዊውን ክፍል ዊንዶውስ ሰርቨር ለገዛ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሰጠ። ዌብስፌርን ወይም ፕላምትሪን ለመግዛት የሥራ አመራር ቦርድ መሰብሰብ ሲያስፈልግ፣ ሼርፖይንት ግን ማንንም ሳያስፈቅድ በአንድ የኮምፒውተር ባለሙያ እጅ ከሰዓት በኋላ ይተከል ነበር። ስለዚህም ተስፋፋ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ገጽ ከፈተ፤ ሒሳብ ክፍል፣ ግዢ ክፍል፣ የአምና ፕሮጀክት፣ የዘንድሮ ፕሮጀክት፣ የሠራተኞች የልደት በዓል ኮሚቴ ሳይቀር። ተበታትኖ የነበረውን መረጃ በአንድ መስኮት ለመሰብሰብ የተገዛው መሣሪያ ራሱ አዲስ የመበታተኛ ሜዳ ሆነ። በየገጹም «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ 2» የሚል ስም ያላቸው ሰነዶች ተከማቹ። የትኛው እንደ ጸደቀ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ለቋል።

አንባቢ ፍርዴ የከበደ እንዳይመስለው የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። ፖርታሎች የይለፍ ቃልን ጣጣ አቅልለዋል። ሠራተኛው የደመወዝ መግለጫውን ለማግኘት የሰው ኃይል ክፍል ደጃፍ ላይ እንዳይቆም አድርገዋል። ለቤት ብድር ወይም የቤተሰብ አባልን ከአገር ቤት ለማምጣት የገቢ ማስረጃ ሲጠየቅ፣ እኩለ ሌሊት ላይ በስልክ አውርዶ መላክ መቻል ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ያ ሰው ሥራውን የለቀቀ ዕለት በሩ ይዘጋበታል። የገዛ ማስረጃውን እንደገና ለማግኘት የማያውቀው ስልክ ቁጥር ላይ ይደውላል፣ ይጠብቃል። ምክንያቱም የሶፍትዌሩ ገዢ አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚጠቀምበትን መሣሪያ አልመረጠም፤ ሻጩም ያሳመነው እሱን አይደለም። ሻጩ ያሳመነው ለአንድ ሰዓት ያህል በተዘጋጀ ማሳያ ፊት የተቀመጠውን አለቃ ነው፤ በማሳያው ላይ ደግሞ ሰነዱ ሁሉ ንጹሕ፣ ፍለጋው ሁሉ የተሳካ ነው። የመግለጫ ቅጂዎቻችሁን በየጊዜው አውርዳችሁ በራሳችሁ ዘንድ ብታስቀምጡ የማይጸጽታችሁ ለዚህ ነው።

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች «መዝገብ ቤት» የሚባል ክፍል አለ። በዘመናዊ ሰዎች ዘንድ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ሲነገርለት ኖሯል፤ አቧራው፣ ክምሩ፣ «ፋይሉ ጠፍቷል፣ ነገ ተመለስ» የሚለው መልስ። ፌዙ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ በደንብ የተያዘ መዝገብ ቤት ምን እንደሚሠራ ረጋ ብሎ ያየ ሰው ይገረማል። ገቢ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከየት እንደ መጣ፣ ለማን እንደ ተመራ፣ በየትኛው ፋይል እንደ ገባ በመዝገብ ይሰፍራል። ወጪ ደብዳቤም እንዲሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የመጋቢቱ ደብዳቤ የጥቅምቱን እንደ ሻረ ታውቃለች፤ የትኛው ፋይል በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ብቻ እንደሚወጣም ታውቃለች። ፖርታል የሚሹ ድርጅቶች የሚያስፈልጋቸው ይኸው ዕውቀት ነው። ብዙዎቹ ግን ሶፍትዌሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሰናብቱት እሷን ነው።

ነገሩ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የቢሮ ደብዳቤ የሚጻፈው በፓወር ግእዝ፣ በቪዥዋል ግእዝና በመሰሎቻቸው ነበር። እነዚህ ሶፍትዌሮች በዘመናቸው ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ በጊዜው የነበረውን ችግር በጊዜው በነበረ ዘዴ ፈትተዋል። ዘዴው ግን ዕዳ ነበረበት። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተመደበው ቁጥር ነው፤ በግእዝ ፊደል መልክ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። አመዳደቡም ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል። ፎንቱ ከሌለ አንድ ሙሉ የሥራ ውል ወደ ትርጉም አልባ የላቲን ምልክት ይለወጣል። እንግዲህ የፖርታሉ ፈላጊ ፕሮግራም የሚያነበው ያንን ምልክት ነው። «ውል» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ በዚያ ዘመን የተጻፈ አንድም ውል አያገኝም። ሰነዱ አለ፣ በሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል፣ ማውጫውም ውስጥ ገብቷል፤ ለፍለጋው ግን የለም።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ችግር አያጣውም። እኛ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ብለን ብንጽፍ አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንዲሁ። ፈላጊው ፕሮግራም ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተነገረው በስተቀር፣ ደብዳቤው የሚገኘው ፈላጊው የጸሐፊውን የአጻጻፍ ልማድ በአጋጣሚ ከገመተ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የአማርኛ ቃል እንደ እንግሊዝኛው ብቻውን አይቆምም። «ውል» የሚለው በሰነድ ውስጥ የሚመጣው «በውሉ»፣ «የውሉን»፣ «ከውሎቻችን»፣ «ስለውላቸው» ሆኖ ነው። ለእንግሊዝኛ የተሠራ የፍለጋ መሣሪያ ይህን መፍታት አይችልም። ከወረቀት በስካነር ተነሥቶ የገባ ደብዳቤ ደግሞ ጽሑፍነቱ ካልተለየ ለማሽኑ ፎቶግራፍ ነው።

የቀኑም ጉዳይ አለ። በአንድ ሰነድ ላይ «2012» የሚል ቁጥር ቢገኝ የትኛው 2012 ነው? በእኛ አቆጣጠር የ2012 በጀት ዓመት የሚያመለክተው ከጁላይ 2019 እስከ ጁላይ 2020 ያለውን ጊዜ ነው። ከውጭ ለጋሾች ጋር የሚሠራ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ሁለቱንም አቆጣጠር በአንድ ፋይል ውስጥ ይጠቀማል፤ ሪፖርቱ በአንዱ፣ የድጋፍ ደብዳቤው በሌላው። ሰነዶችን በዓመት የሚደረድር ፖርታል ሁለቱን ሳይለይ ሲደባልቃቸው የዛሬውን በትናንቱ፣ የትናንቱን በዛሬው ያደርጋል። ስለ ስማችንም ብዙ ማለት ይቻላል። በውጭ አገር ያለው ሥርዓት «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ አንዱ መዝገብ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ቦታ ያስገባል። የአንዲት ነርስ የሥልጠና ምስክር ወረቀት በአንዱ፣ የደመወዝ መዝገቧ በሌላው ስም ተይዞ፣ ሁለቱን ያገናኛል የተባለው መስኮት ሁለት ሰዎች አድርጎ ያሳያታል።

እነዚህን ችግሮች መፍታት አይቻልም የሚል የለም። ሞክሼ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ ሕግ መጻፍ፣ በድሮ ፎንት የተጻፉትን ወደ ዩኒኮድ መመለስ፣ በየሰነዱ የቀን አቆጣጠሩን መመዝገብ ሁሉም በእጅ ያለ ዕውቀት ነው። ችግሩ እነዚህ ሥራዎች ለማሳያ የማይመቹ፣ ለሪባን መቁረጫም የማይሆኑ መሆናቸው ነው። በግዢ ሰነድ ላይ የሶፍትዌሩ ዋጋ፣ የሰርቨሩ ዋጋ፣ የሥልጠናው ዋጋ ተዘርዝሮ ይታያል። ለሁለት ዓመት ያህል አሥር ሰው ተቀምጦ የቆዩ ሰነዶችን የሚያጠራበት ወጪ ግን አይታይም። ክፍት ምንጭ የሆነውን ሶፍትዌር የመረጡም ከዚህ አያመልጡም። ብራያን ቻን በ2000 የጀመረው ላይፍሬይ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ ጠንካራ ፖርታል ነው፤ ለሻጭ መውደቅም መድኃኒት ነው፣ ኮዱ በእጅ ነውና። መዝገቡን ማደራጀት ግን እንደነበረ ይጠብቃል።

አሁን ወደ አዲሱ ልብስ እንምጣ። ዛሬ «ፖርታል» የሚለው ቃል ያረጀ ይመስላል፤ ሻጮች «ዲጂታል ልምድ»፣ «የሥራ ቦታ ረዳት» እያሉ ይጠሩታል። ማይክሮሶፍት ኮፓይለት የተሰኘውን ረዳት በኖቬምበር 2023 ለትልልቅ ድርጅቶች ማቅረብ ሲጀምር ዋጋው ለአንድ ተጠቃሚ በወር 30 ዶላር ነበር፤ ሺህ ሠራተኛ ላለው ድርጅት በዓመት 360,000 ዶላር ማለት ነው። ሠራተኛው በተራ ቋንቋ ይጠይቃል፤ ማሽኑ የድርጅቱን ሰነዶች ፈልጎ መልስ ያጠናቅራል። ተስፋው የ1998ቱ ተስፋ ነው፤ ድርጅቱ የሚያውቀው ሁሉ በአንድ ጥያቄ እጅ ይገባል ይባላል።

ልዩነቱ አደጋው ላይ ነው። የቀድሞው ፖርታል አምስት ሰነዶች ደርድሮ ያሳይ ነበር፤ ሠራተኛው ቀኑን፣ ፊርማውን፣ ማኅተሙን አይቶ ራሱ ይፈርዳል። ረዳቱ ግን በለሰለሰ ዓረፍተ ነገር አንድ መልስ ይሰጣል። ምንጩን ቢጠቁምም ስንቱ ሰው ከፍቶ ያነባል? «የመጨረሻ የተስተካከለ 2» እና ያልጸደቀው ረቂቅ በአንድ ማውጫ ውስጥ ተደባልቀው ከተቀመጡ፣ የተሻረው መመሪያ በሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የተፈቃጆች ምልክትም እንዲሁ። ለዓመታት ያለ ጥንቃቄ ለሁሉም ክፍት የተተወ የደመወዝ ዝርዝር እስካሁን ያልታየው አስቸጋሪ ቦታ ስለተቀመጠ ብቻ ነው። ረዳቱ አስቸጋሪ ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እንዲያይ የተፈቀደለትን ሁሉ ያገኛል። ያልተደራጀ መዝገብ ላይ የተተከለ ብልህ ማሽን ውዥንብሩን ያፈጥነዋል።

የጥገኝነቱም ነገር አይረሳ። በጁላይ 2025 ድርጅቶች በራሳቸው ሰርቨር ላይ በሚያስተዳድሩት ሼርፖይንት የተገኘ ቀዳዳ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ጨምሮ ብዙ ተቋማትን ለጥቃት አጋለጠ፤ ማይክሮሶፍትም አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። በማይክሮሶፍት ክላውድ ላይ ያለው ሼርፖይንት በዚያ ጥቃት አልተነካም። የ2016 እና የ2019 እትሞች ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ደግሞ ጁላይ 14 ቀን 2026 መሆኑ አስቀድሞ ተነግሯል። ሁሉም መንገድ ወደ ክላውዱ ይመራል፤ የክላውዱ ኪራይ ደግሞ በዶላር የሚከፈልና ማብቂያ የሌለው ነው። በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የአንድ ዶላር ዋጋ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። በብር በጀት የሚተዳደር ተቋም ኪራዩን መክፈል ሲያቅተው ሰነዶቹ ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ ውል ከመፈረሙ በፊት መልስ ሊያገኝ ይገባል።

ይህ ለትልልቆቹ ብቻ የሚነገር አይደለም። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በቴል አቪቭም ሆነ በዱባይ ያሉ የመረዳጃ ማኅበሮቻችን፣ ዕድሮቻችንና አጥቢያዎቻችን ፖርታል ገዝተው አያውቁም፤ ይሁንና መዝገብ አላቸው። የአባላት ዝርዝር፣ የመዋጮ ሒሳብ፣ የአዳራሽ ኪራይ ውል፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት የተላከበት ደረሰኝ። ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ የሚገኘው በአንድ ጸሐፊ የግል ኢሜይልና በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። ጸሐፊው ከተማ ሲለውጥ ወይም ከኮሚቴው ጋር ሲቀያየም የማኅበሩ የአሥር ዓመት ትዝታ አብሮት ይሄዳል። በማኅበሩ ስም የተከፈተ አንድ አካውንት፣ ሁለት ኃላፊዎች የሚያውቁት የይለፍ ቃል፣ በየዓመቱ በውጫዊ ዲስክ የሚቀመጥ ቅጂ ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል።

ለትልልቆቹ ገዢዎች የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሻጩ በራሱ ሰነዶች ላይ የሚያሳየውን ማሳያ አትቀበሉ። ከመዝገብ ቤታችሁ በድሮ ፎንት የተጻፉትን፣ በስካነር የተነሡትን፣ ሞክሼ ፊደል የተዘበራረቀባቸውን፣ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፉትን አንድ ሺህ ደብዳቤዎች ስጡትና በእነሱ ላይ ያሳይ። ጥያቄዎቹን የምታዘጋጀው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ትሁን፤ መልሱ ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን የምታውቀው እሷ ናትና። በውሉም ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሻጩ ሰነዶቹን በሙሉ፣ ከነቀናቸው፣ ከነባለቤታቸውና ከነተፈቃጅ ዝርዝራቸው፣ በማንኛውም ሌላ ሶፍትዌር ሊከፈቱ በሚችሉበት መልክ አውጥቶ በዲስክ ያስረክብ፤ የተቋሙ ሠራተኞችም ያንን ዲስክ የሻጩ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ከሺሁ ደብዳቤዎች መካከል መቶውን ፈልገው ያግኙ። ካላገኙ ክፍያው ይቆይ።